የወተት ትእዛዝ

መስከረም 30

ጠበቃ አካለ ወልድን ዛሬ ቀበርናቸው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ልባቸው ነው ይላሉ፤ ምሳ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ።

ደብረ ማርቆስ ለቀብር አይሰንፍም፤ ዛሬ ግን የመጣው የከተማው ሰው ብቻ አልነበረም። መንገዱ ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል። የሟቹ ባለ ጉዳዮች ግን ከደምበጫ በኩል ግማሹን በባጃጅ፣ ግማሹን በእግር መጥተዋል። ከአስፋልቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችውን አጭር ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ ቆመው አረፉ። ቱቦ ቆራጮቹ ናቸው፤ በሕይወት የቀሩት አሥራ አንዱ። ከኋላቸው ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች።

የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው «የአስቤስቶስ ፋብሪካ ሠራተኞች ጠበቃ» አላቸው። ፋብሪካ አልነበረም! ቱቦው ተሠርቶ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ሰዎቹ ሜዳ ላይ በመጋዝ ይቆርጡት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቀን፣ አንዲት ስም ሳይስቱ የተከራከሩ ሰው ናቸው፤ ለቀብራቸው እንኳ እውነቱን አጣርቶ የሚመጣ ጠፋ።

ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ፦

«እንግዲህ ጉዳዩም አብሯቸው ተቀበረ።»

«ምን ይቀበራል? ተፈርዶላቸው የለ እንዴ?»

«ይግባኝ ላይ ነው እኮ፣ ጃል።»

ጥቅምት 3

የብርጓል ቤት ድረስ መጣች። ከአካለ ወልድ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ቢሮ ጥብቅና የሠራች ናት። አሁን መዝገቡ በእሷ እጅ ነው። ከስታለች።

«ኢንጂነር ደመላሽ፣ ለአርባቸው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እርስዎ ይጻፉልን።»

«ለምን እኔ?»

«አንድ ችሎት አልቀሩማ! እኔ እንኳ ወልጄ የቀረሁበት አለ።»

እውነቷን ነው። ስድስት ዓመት ኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። መሐንዲስ ነኝ፤ ነገሩ የሙያዬ ነው። በዚያ ሥራ ላይ በወጣትነቴ መሥራቴንም የማያውቅ የለም። ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

እሺ አልኳት። በቀብሩ ዕለት የተነበበው ዓይነት ዝርክርክ ነገር እንዲደገም አልፈልግም።

ጥቅምት 5

ረቂቁን ጀመርኩ። ለማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርጌ፦

የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት አንድ የግንባታ ድርጅት ከምንጭ ወደ ከተሞች የመጠጥ ውሃ መስመር ዘረጋ። ቱቦው አስቤስቶስ የሚባል ቃጫ መሰል ማዕድን የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ነበር። ወደ ስልሳ የሚሆኑ የአካባቢው ገበሬዎች በቀን ሥራ ተቀጥረው ቱቦውን በደረቁ ቆረጡ። ብናኙ ቅንድባቸው ላይ እንደ ዱቄት ይቀመጥ ነበር። ሃያ ዓመት ምንም አልታየም። ከዚያ አንድ በአንድ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። የሳንባ ነቀርሳ መስሏቸው መድኃኒቱን ወሰዱ፤ አልዳኑም።

አንድ ቀን ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ስለ መሬት ድንበር ልታማክራቸው ወደ አካለ ወልድ ቢሮ ገባች። ባሏ በምን እንደሞተ ሲጠይቋት፣ «ያው እንደ ቱቦ ቆራጮቹ ነዋ» አለቻቸው። እሳቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የትኞቹ ቱቦ ቆራጮች?» አሏት።

ሁሉም ነገር የጀመረው ከዚያች ጥያቄ ነው። ስለ ድንበር እያወሩ፣ ሌላ ባለ ጉዳይ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ያንን መስማት! ደምበጫ ገበያ ላይ እነዚያን ሰዎች በየሳምንቱ እናያቸው ነበር። ስንቱ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሲያስሉ ሰምቷል። «የትኞቹ?» ያለ ግን የለም።

ጥቅምት 8

የክብሪቱን ቀን ልጻፈው ወይስ ልተወው? ለቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚመች አይመስለኝም። እዚህ ግን እጽፈዋለሁ።

የድርጅቱ ጠበቃ፣ «እነዚህ ሰዎች በራሳቸው እግር ችሎት መጥተዋል፤ ታመዋል የሚባለው የተጋነነ ነው» አለ። አካለ ወልድ ተነሡ። ከቆራጮቹ አንዱ የሆነውን ገዳሙን ወደ ፊት ጠርተው ክብሪት ጫሩና ከአፉ አንድ ስንዝር አርቀው ያዙለት።

ዳኛው ተቆጡ። «በችሎት ውስጥ እሳት? ያጥፉት!»

«ክቡር ፍርድ ቤቱ፣ እኔም እንዲያጠፋው ነው የጠየቅሁት።»

ገዳሙ ተነፈሰ። ነበልባሉ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ተመለሰ። ደግሞ ተነፈሰ። የአንገቱ ጅማት ተገተረ። ክብሪቱ እስከ አካለ ወልድ ጣት ድረስ ነደደ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሡም። ሲያልቅ ብቻ፣ «አመሰግናለሁ፣ አያ ገዳሙ፤ ይቀመጡ» አሉት።

የዚያን ቀን ከችሎት ወጥቼ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ሰው ሰላም ሲለኝ የመለስኩ አይመስለኝም። ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንድ ነገር በሚገባ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ጥቅምት 9

መብራት የለም። መንገድ የለም። የረቂቁ ሁለተኛ ገጽ አይረባም። ቀደድኩት።

ጥቅምት 12

ዛሬ ስለ ወተቱ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ሰረዝኩ።

ድርጅቱ እስከ መጨረሻው የተከራከረው «ብናኙ ጎጂ መሆኑን አናውቅም ነበር» ብሎ ነው። የያኔው ሥራ አስኪያጅ ቀርቦ፣ «እንደ ጤፍ ዱቄት ነበር የምናየው» አለ።

አካለ ወልድ፦ «ወፍጮ ቤት ነበረዎት?»

«እኔ የለኝም። ወንድሜ ነበረው።»

«ወንድምዎ ለወፍጮ ሠራተኞቹ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጥ ነበር?»

ሰውዬው ወደ ድርጅቱ ጠበቃ ዞረ።

አቧራና ኬሚካል ላይ ለሚሠራ ሰው ወተት መስጠት የአገራችን ልማድ ነው። ጉሮሮ ያጥባል፣ መርዝ ያከሽፋል ይባላል። ሳንባ ውስጥ የገባውን አያወጣውም እንጂ። አካለ ወልድ የድርጅቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረው እንዳላማው የሚባል ሰው ከመሞቱ በፊት ያስረከባቸውን ሁለት ሰነድ አወጡ። አንዱ ወተት የተቀበሉት ሰዎች ዝርዝር ነው፤ በየስሙ ትይዩ የጣት አሻራ አለ። ሌላው «ለቱቦ ቆራጮች ወተት ይሰጥ» የሚል የአንድ ገጽ ትእዛዝ።

«ረቡዕና ዓርብስ ምን ይሰጣቸው ነበር?»

«እኔ አላስታውስም።»

«ዝርዝሩ ያስታውሳል። ተልባ ይላል። የሁዳዴን ጾም ሙሉ ተልባ ይላል። በጾም ቀን እንኳ ምትክ ታስቦላቸዋል። ክቡር ፍርድ ቤቱ፣ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ብናኙን ፈርቶት ነበር ማለት ነው። የፈራውን ነገር ሌላ ሰው እንዲተነፍሰው አደረገ።»

እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። እንዲህ ያለ አእምሮ! እኛ ደግነት ነው ያልነውን አንሥቶ ዞር አድርጎ አሳየን። «እኛ» ያልኩት እንደ አገር ነው።

ጥቅምት 17

መጥፎ ዜና። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገቡን አንድ ነጥብ ይዞ መልሶታል። ድርጅቱ፣ «የወተቱ ትእዛዝ የእኛ አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁም አልፈረመውም፤ ፊርማው ስም የለበትም፤ የግምጃ ቤቱ ሰው ለራሱ የጻፈው ነው» ብሏል። ስለዚህ ትእዛዙን ማን ጻፈው? ለምንስ ጻፈው? እዚሁ ደብረ ማርቆስ ይጣራ ተብሏል። ቀጠሮው ለኅዳር 19። ካልተረጋገጠ ፍርዱ ይሻራል። ያ ማለት የአሥራ አንዱ ሰዎች ሕክምና፣ የገዳሙ ኦክስጅን፣ የሴቶቹ ካሳ፣ ሁሉም ማለት ነው።

የብርጓል ፎቶ ኮፒውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«እርስዎ ወተቱ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን እዚያ ሠርተዋል። ይህን ፊርማ የማን ሊሉት ይችላሉ?»

«ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል» አልኳት።

በእርግጥም ደብዝዟል። ካመጣችው ማመልከቻ ላይ ሦስት የፊደል ግድፈት አግኝቼ አረምኩላት። አመስግናኝ ሄደች።

ጥቅምት 20

ሚስቴ ፍቅርአዲስ ምሳ ላይ፦

«እኚያ ምስኪን ጠበቃ ያን ወረቀት ይዘው እዚህ ሳሎን ሲመጡ ሻይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።»

«እና?»

«እና ፊርማህን በልጆቻችን የትምህርት ቤት ካርድ ላይ ስንት ዓመት አይቸዋለሁ። ዓይኔ ደህና ነው።»

ወጡን ወደ እኔ ሳብኩ።

«ስለ እሳቸው የምትጽፈው ልታስታውሳቸው ነው ወይስ ልታመልጣቸው?»

ሚስቴ ነገር ታጋንናለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ናት።

ጥቅምት 21

እሺ።

አካለ ወልድ የመጡት የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ክሱ ሊቀርብ ሲል ነው። ትእዛዙን አሳዩኝና፣ «ደመላሽ፣ ይህን ፊርማ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «ወተቱ ከተጀመረ በኋላ ነው እዚያ የተመደብኩት» አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሻያቸውን ጠጥተው ስለ ዝናቡ አወሩና ሄዱ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አላነሡብኝም። ችሎት ስገባ ከሩቅ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ቦታ ሞልቶ ቆሜ ሲያዩኝ፣ «ለኢንጂነሩ ወንበር ስጡት» ብለው አዘዙ። የብርጓል ቦርሳዋን አንሥታ አስቀመጠችኝ።

የተመደብኩት በኋላ አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበርኩ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከቱቦው ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቱቦው ሲቆረጥ ውሃ ይረጭ፣ ቆራጮቹ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ ይላል። ውሃ በአህያ ከሩቅ መቅዳት ሥራውን በእጥፍ ያዘገየው ነበር። መሸፈኛው እንዲላክ ለዋናው ቢሮ ጻፍኩ፤ አልመጣም። ሁለተኛ አልጻፍኩም። ወተት አዘዝኩ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

መስሎኝ ነበር ወይ?

ጥቅምት 29

መንገዱ ለሁለት ቀን ተከፈተ። ለሕይወት ታሪኩ እንዲነግረኝ ገዳሙን ልጠይቅ ሄድኩ። ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። በሁለት ቃል መካከል አንድ ጊዜ ያርፋል። ቀልዱን ግን አልተወም።

«አንቱ ኢንጂነር፣ ወፈሩሳ! ያን ጊዜ ነፋስ... የሚወስድዎ ልጅ ነበሩ።»

«አያ ገዳሙ፣ ስለ ጠበቃው እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

«እሳቸውማ... ክሱን ሲጀምሩ እዚህ መጡ፤ ከእርስዎ ቤት ስመጣ ነው አሉኝ። እዚያው እርስዎ ከተቀመጡበት... ተቀምጠው፣ ወተቱን ማን አመጣላችሁ አሉኝ። ያ ደመላሽ የሚሉት ቀጭኑ ልጅ፣ አልኳቸው። ደግ ልጅ ነበር አልኳቸው። ያ ወተት ባይኖር... እኔ እስከ ዛሬ አልቆይም ነበር።»

«እሳቸው ምን አሉ?» አልኩት።

«ለችሎት ልናገረው ብላቸው... የለም፣ ተዉት፣ አሉኝ። ተጎትቶ የመጣ ሰው ራሱን ሲከላከል ይውላል፤ ይህ ሰው በራሱ ይመጣል፣ አሉ።» ሳቀና ሳሉ ያዘው። ሚስቱ ጀርባውን ያዘችለት። ትንፋሹ ሲመለስ፣ «መቼ ነው... የሚመጡት ታዲያ?» አለኝ።

ሲያመሰግነኝ መዋሉን ሳልጽፍ አላልፍም። ሲሰናበተኝ እጄን ሳመኝ። እጄን!

ጥቅምት 30

አካለ ወልድ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ከእኔ ቤት ወጥተው፣ ስለ ዝናቡ ባወራንበት ሳምንት፣ ውሸቴን ደርሰውበታል። ስድስት ዓመት አወቁኝ፤ ስድስት ዓመት ሰላም አሉኝ፤ ወንበር አስለቀቁልኝ። የሚበልጠው ጉዳያቸው በእጄ እያለ መጥሪያ አልላኩብኝም። ያለ እኔም አሸነፉ። እኔ ሳላይ እየጠበቁኝ ሞቱ።

ይህን ያህል ትዕግሥት ምን ዓይነት ሰው ውስጥ ይኖራል? እኔ ባጃጅ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ እሳደባለሁ።

ኅዳር 8

አርባቸው ዛሬ ነበር። አነበብኩት። አራት ገጽ፣ አንድ ስህተት የለበትም። ሰዎች አለቀሱ። የወተቱ ክፍል ላይ ስደርስ «አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ የፈረመው ትእዛዝ» ብዬ አለፍኩ።

ዝክሩ ላይ ማንጠግቦሽ አጠገቤ ተቀመጠች። እንጀራዋን እየቆረሰች፣

«አንቱ፣ ጥሩ አነበቡ።»

«አመሰግናለሁ።»

«የሁላችን ስም አለበት። የባሌም ስም አለ። ያ የወተቱ ሰውዬ ብቻ ስም የለው። እናት አላወጣችለትም?»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። መጠየቅም አልቻልኩም።

ኅዳር 10

የብርጓል ቢሮ። የእሳቸው ወንበር እንዳለ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም።

«ፊርማው የእኔ ነው» አልኳት።

የሚሰድበኝ ሰው ፈልጌ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን ወረቀት ሳበች።

«ቀኑን ያስታውሳሉ?»

«ጥር 14። መመሪያውም ቤቴ አለ።»

«ሃያ ስምንት ዓመት አስቀመጡት?»

«ነገር አልጥልም።»

ያን ጊዜ ብዕሯን ወረወረችው። «እኚያን ሰውዬ አሠቃይተዋቸዋል እኮ! ያን ፊርማ ፍለጋ አዲስ አበባ ይልኩኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜም አልላኩኝም። ለካ የሚፈለግ ነገር አልነበረም!» አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ብዕሯን አነሣች። «ይቀጥሉ። የጻፉት ለምን ነበር?»

ኅዳር 19

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። አሥራ አንዱም መጥተዋል፤ ገዳሙን ጎረቤቶቹ በወንበር ተሸክመውት ገቡ። ኋለኛውን አግዳሚ አልፌ ወደ ፊት ሄድኩ። ማልኩ። ትእዛዙን እኔ እንደጻፍኩ፣ መመሪያውን እንዳነበብኩ፣ ለዋናው ቢሮ አንድ ደብዳቤ ጽፌ መልስ ሳላገኝ እንደተውኩ ተናገርኩ። መመሪያውን አስረከብኩ።

የድርጅቱ ጠበቃ ተነሣ። «ስድስት ዓመት እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠው ዝም ብለዋል። ዛሬ ምን ተገኘ? ለሟቹ መታሰቢያ ይሁን ብለው ነው?»

«ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ዛሬም እፈራለሁ።»

«ወተቱን የሰጡት ለበጎ አድራጎት ሊሆን አይችልም? የተራቡ ሰዎች አይተው?»

በር ከፈተልኝ። ውብ በር ነበር፤ ደግ ሰው ሆኜ የምወጣበት። ገዳሙ ከወንበሩ ላይ ራሱን እየነቀነቀ ነበር፤ አዎ፣ ለደግነት ነው፣ በሉልን እንደማለት።

«አይደለም» አልኩ። «ብናኙን ፈርቼ ነው።»

አዲሷ ዳኛ እስከዚያ ይጽፉ ነበር። ቀና አሉ።

«አቶ ደመላሽ፣ እርስዎስ ወተቱን ይጠጡ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን።

«አልጠጣም ነበር።»

«ለምን?»

«እኔ አያስፈልገኝም ነበር። የምቆመው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ነበር፤ ብናኙ አይደርሰኝም።»

የብርጓል ጥያቄ አልጨመረችም። ዳኛዋ መልሱን አስደግመውኝ አስመዘገቡት። ስዞር ገዳሙን አየሁት። ራሱን መነቅነቅ አቁሟል። ከዚያ በኋላ አላየኝም።

ታኅሣሥ 24

የብርጓል ደወለች። ይግባኝ ሰሚው ወስኗል። ፍርዱ ጸንቷል።

ስልኩን ዘግቼ በቁሜ ቀረሁ። ፍቅርአዲስ «ምን ሆነ?» አለችኝ። ነገርኳት። «እሳቸው አሸነፉ» አለች። አዎ፤ እሳቸው። ያላለቀ ክርክር ትተው ሞቱ ሲባል ነበር። የመጨረሻ ምስክራቸውን ስድስት ዓመት ቀድመው ነው ያዘጋጁት።

ጥር 3

ማንጠግቦሽ ትናንት ሰው ላከችብኝ። «ባሌ ቱቦ ይቆርጥበት የነበረውን ቦታ ያሳዩኝ» ብላለች።

ዛሬ ሄድን። ከደምበጫ መንገድ ወጣ ብሎ ያለ ተዳፋት ነው፤ አዝመራው ተነሥቶ ቃርሚያ ብቻ ቀርቷል። ቱቦው ከሥር እንዳለ የሚያሳይ ምንም የለም። የጥር ነፋስ ከላይ ወደ ታች ይነፍሳል።

«አንቱ የት ነበር የሚቆሙት?»

አሳየኋት።

«እስቲ ይቁሙ እዚያ። እሱስ?»

«ወደ ታች። አርባ እርምጃ ያህል።»

ነጠላዋን አጥብቃ ወረደች። እየቆጠረች ነበር። ስትቆም፣ «ትንሽ ወደ ግራ!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ወደ ግራ ሄደች። «እዚያ ነው!» አልኳት። ሰማችኝ። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ገለባና አፈር ከእግሬ ሥር እየተነሣ ወደ እሷ ይሄድ ነበር። ዓይኗን አልከደነችም።

ከዚያ ተናገረች። ረጅም ነበር። እጇን አንሥታ፣ አንዴ ወደ መሬቱ፣ አንዴ ወደ እኔ እያመለከተች። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አንድ ቃል አልደረሰኝም።

«ምን አሉኝ?» ብዬ ጮህኩ።

ደገመችው። ነፋሱ ከአፏ እየነጠቀ ወደ ኋላዋ ወሰደው። የእኔ ድምፅ ይደርሳታል፤ የእሷ አይመጣም። ሃያ ስምንት ዓመቴ ሳለ እዚህ ቆሜ ቆራጮቹ ስንት ጊዜ ተናግረውኝ ይሆን?

ሦስተኛ ጊዜ ጀመረች።

ወረድኩ።